ለሆድ ሕመም የምናወጣው ስም

ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጎረቤታችን እትዬ ሲኒያቸውን ሳይጨርሱ ረከቦቱ ላይ መለሱና ከጡታቸው በታች፣ ከእምብርታቸው በላይ ያለውን ቦታ በመዳፋቸው ጫን አድርገው ያዙ። «ይቺ ጨጓራዬ ዛሬ ደግሞ ተነሳችብኝ» አሉ። ምክሩ ወዲያው ጎረፈ። አንዷ ተልባ፣ ሌላዋ አብሽ፣ ሦስተኛዋ ቀዝቃዛ ወተት አለች። ልጃቸው ከመሳቢያ ኦሜፕራዞል አውጥታ ከውኃ ጋር አቀረበችላቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ሕመሙ ስም ስላለው የሚጠየቅ ነገር የቀረ አልመሰለንም።

ሆዱን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለበት መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ከሁሉ በላይ ደጋግሞ የገጠመኝ ይኸው ስም የማውጣት ነገር ነው። ጨጓራ፣ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ኪንታሮት፣ ወስፋት፣ የወፍ በሽታ። ስሞቹ ውሸት አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ አደጋቸውም ከዚሁ ይመጣል። ደጋግሞ ልክ የሆነን ስም ልክ ባልሆነበት ቀን የሚጠረጥረው የለም። ስለዚህ ጉዳዩን ቤት ውስጥ በምንጠራቸው ስሞች በኩል ብንመለከተው ይሻላል፤ እያንዳንዱ ስም ምን እንደሚገልጽ፣ ምን እንደሚሸፍን።

ከጨጓራ እንጀምር። ጨጓራ የአካል ክፍል ስም ነው፤ የበሽታ ስም ያደረግነው እኛ ነን። ከእምብርት በላይ የሚሰማ ማቃጠል የጨጓራ ግድግዳ ሲቆጣ ይመጣል፤ ጨጓራ ወይም የቀጭኑ አንጀት መግቢያ ሲቆስልም ይመጣል። አሲዱ ሽቅብ ሲመለስ ቃር እንለዋለን። ግን የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሲይዝ፣ ቆሽት ሲቆጣ፣ አንዳንዴም ልብ ደም ሲያጥረው ሕመሙ የሚሰማው እዚያው ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

በርበሬና ቡና፣ ጾምና ንዴት የጨጓራ ቁስልን ያመጣሉ ብለን ያደግን ብዙ ነን። የሕክምናው ዓለምም ለረጅም ዘመን ንዴትንና አሲድን ሲከስስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከጨጓራ ሕሙማን በተወሰደ ናሙና ውስጥ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አገኙ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ያ ባክቴሪያ ዛሬ ክሊኒኮቻችን ሁሉ «ኤች ፓይሎሪ» እያሉ የሚመረምሩት ነው። በአገራችን በሰፊው የተሰራጨ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይያዛል። የተሸከመው ሁሉ አይታመምም፤ የሚታመመው ግን በተልባ አይድንም። በርበሬውና ቡናው የቆሰለውን ሊያቃጥሉት ይችላሉ፤ ቁስሉን የፈጠሩት ግን እነሱ አይደሉም።

ምርመራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብና ጊዜ በከንቱ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነውና። በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ምርመራ ሰውየው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ባክቴሪያው ነክቶት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ዛሬ እንዳለበት አያረጋግጥም። ታክሞ የዳነ ሰው ደም ለዓመታት «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። የሰገራ ምርመራው ይሻላል፤ ነገር ግን ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞልን ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን አራት ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ያለው የለም ሊባል ይችላል። ሕክምናው ሁለት አንቲባዮቲክ አሲድ ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድበት ነው። በአምስተኛው ቀን ሲሻል ማቆም ባክቴሪያውን መድኃኒት ማስለመድ ነው።

ሁለተኛው ዋነኛ የቁስል ምንጭ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፊናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን። አጎቴ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። አንድ ሰሞን ዳይክሎፊናክ ጠዋትና ማታ፣ አንዳንዴም በባዶ ሆድ ይወስዱ ጀመር። ጉልበታቸው ቀለል አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ከወንበር ሲነሱ ዓይናቸው እየጨለመ ይደገፉ ነበር፤ «ዕድሜ ነው» አሉ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ፣ ሽታውም ለየት ያለ ከሆነ አራት ቀን እንዳለፈው የነገሩን ወድቀው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። ደም ተሰጣቸው፣ ተረፉም። ለምን ቀድመው እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩ። ለልጅ ስለ ሰገራ እንዴት ይወራል?

ይህን ነገር አቅልዬ ማለፍ አልችልም። በእኛ ዘንድ ስለ ሰገራ መናገር ነውር ነው፤ ማየቱም ነውር ነው። ብዙ ቤት መጸዳጃው ጉድጓድ ነው፣ ጨለማ ነው፤ ደም ይሁን ጥቁር ማየት አይቻልም። ከጨጓራ የሚፈስ ደም በአሲዱ ስለሚለወጥ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ ሳይሆን ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። ሆዱን የሚያመው ወይም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው በስልኩ መብራት አንድ ጊዜ መመልከት ሊያሳፍረው አይገባም። የብረት እንክብል የምትወስድ ነፍሰ ጡርም ሰገራዋ ይጠቁራልና ያ ብቻውን አያስደንግጣት፤ ከማጥወልወልና ከድካም ጋር ከመጣ፣ ወይም ቡና ዝቃጭ የመሰለ ትውከት ካለ፣ እንኳን ለነገ ለሰዓታትም አይቆይም።

«ጨጓራ» የሚለው ስም ከሸፈናቸው ሁሉ የሚያሳዝነኝ ካንሰር ነው፤ ኦሜፕራዞል የጨጓራ ካንሰርን ሕመም ለጊዜው ሊያስታግሰው ይችላልና። ሰውየው ይሻለዋል፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ እንደገና ይገዛል፣ ዓመት ይሞላል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት ሕመሙ ከምን ጋር እንደመጣ ነው። ሳይፈልጉ መክሳት፣ ትንሽ ቀምሶ መጥገብ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ ከዚህ በፊት ጨጓራ የማያውቅ ሰው በጎልማሳነቱ አዲስ ሲጀምረው፣ በቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር የነበረበት ሰው። ከእነዚህ አንዱ ካለ ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል። የመዋጥ ችግር ደግሞ ለብቻው ይነሳ። ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ ብዙ ሕሙማን የሚታዩበት የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር አመጣጡ ይታወቃል፤ መጀመሪያ ሥጋና ደረቅ ዳቦ አልወርድ ይላል፣ ቀጥሎ እንጀራ፣ ቀጥሎ አጥሚት፣ በመጨረሻ ውኃ። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ብዙ ጊዜ አጥሚቱ ላይ ሲደርስ ነው። ዳቦው ላይ ነበር መሄድ ያለበት።

ልብን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ዳገት ሲወጣ የሚመጣበትና ሲያርፍ የሚተወው «የጨጓራ» ሕመም የጨጓራ ላይሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም ከታከለበት ወተት ለማፍላት የሚጠፋ ጊዜ የለም። ሐሞት ደግሞ የፋሲካ ሰሞን ራሱን ይገልጣል። 55 ቀን ቅባት ያልነካው ሆድ ዶሮውንና ቅቤውን ባንድ ጊዜ ሲያገኝ ጠጠር ያለበት ሰው ከቀኝ ጎድኑ ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻው የሚወጣ፣ ለሰዓታት የማይለቅ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ካለፈለት ቀጠሮ ይዞ አልትራሳውንድ ይነሳ፤ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ከመጣ ግን የዚያኑ ቀን ነው።

እስካሁን ያልነው ለሳምንታት ስለሚቆይ ሕመም ነው። ድንገት የሚመጣው ሌላ ሕግ አለው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዛካሪ ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ደህና የነበረ ሰው ድንገት ጽኑ የሆድ ሕመም ይዞት ስድስት ሰዓት ካልለቀቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ነው። ስድስት ሰዓት ማለት ከራት እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ማለት ነው። እኛ ግን «ይንጋና እናያለን» እንላለን፤ ሲነጋም ጸበሉ ወይም ፌጦው ይቀድማል።

ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እምብርት ዙሪያ ነው፤ ስለዚህም ቁርጠት ይመስላል። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ተጉዞ ቀኝ የታችኛው ሆድ ላይ ይቀመጣል። የሆድ ውስጥ ሽፋን ሲቆጣ እያንዳንዱ ንቅናቄ ያማል። እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ሕሙማንን ወደ ሆስፒታል ሲመጡ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ሕመማቸው ባሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ትርፍ አንጀት ከተረጋገጠባቸው 34 ሰዎች 33ቱ «አዎ» አሉ። «አዎ» ያለ ሁሉ ትርፍ አንጀት አልነበረውም፤ ያልተሰማው ሰው ግን ትርፍ አንጀት የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። እኛ ጉብታ ፍለጋ አንሄድም። ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ «ቀስ በል» የሚል ልጅ መልሱን ነግሮናል። ቤተሰብን የሚያታልለው ሌላው ነገር ደግሞ ድንገተኛው ፋታ ነው። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ጋብ ሊል ይችላል። «ተመስገን ለቀቀው» ይባላል፤ ከዚያ ትኩሳቱና የሆዱ መጠንከር ይከተላል።

የአንጀት መጠምዘዝ በአገራችን ሆስፒታሎች አንጀት ከሚዘጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሰገራም ፈስም ይቀራል፣ በመጨረሻ ትውከት ይመጣል። ፈስ ቀርቶብሃል ወይ ተብሎ የሚጠየቀው ለቀልድ አይደለም፤ ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ሆድ ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠትም ሆነ ማሳሸት ደሙ የታፈነውን አንጀት ይበልጥ ይጎዳዋል። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ይጠየቅ፤ እናቷ በሌለችበት፣ በእርጋታ። ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ሲፈነዳ ደሙ የሚፈሰው ወደ ሆድ ውስጥ ነውና ከውጪ የሚታየው ትንሽ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። ባንድ ወገን የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት፣ አንዳንዴም የትከሻ ጫፍ ሕመም። «የወር አበባ ቁርጠት ነው» ተብለው ክፍላቸው ውስጥ የተኙ ልጆችን እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው። ለእነዚህ ሁሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንሱ ከዘገየ በተገኘው መኪና ይኬዳል።

ሕፃናት ሌላ ዓለም ናቸው። አፋቸው አይናገርም፤ እኛም በእነሱ ፈንታ ስም እናወጣለን። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይባላል፤ አንዳንድ ቦታም የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ርግብግቢቱ ሲሰረጉድ የርግብግቢት በሽታ ተብሎ ቅቤ ይደረግበታል። የተሰረጎደ ርግብግቢት ግን ሕፃኑ ውኃ አልቆበታል ማለት ነው፤ በእጃችን የምንዳስሰው የድርቀት ምልክት። ያለ እንባ ማልቀስ፣ የጎደጎደ ዓይን፣ የደረቀ አፍ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አለመመለስ፣ ፍዝዝ ማለትና ጡት አለመያዝ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሮጡ ናቸው።

እስከዚያው ኦ አር ኤስ አለ። ፓኬቱ ላይ አንድ ሊትር ካለ አንድ ሊትር ነው፤ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ለልኩ ይበቃል። ውኃውን ማሳነስ ያጠነክራል ብሎ በግማሽ መበጥበጥ ሕፃኑን በጨው መጉዳት ነው። በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ፤ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ጡት አይቋረጥም። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም። ደም የተቀላቀለ ሰገራ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ በየደቂቃዎቹ ጮኾ በመካከሉ የሚዝል ሕፃን በቤት አይቆይም። የመጨረሻው የአንጀት መደራረብ ሊሆን ይችላል፤ ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ይበዛል።

አዋቂ ላይ የሩዝ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ከተከታተለ ኮሌራ ይጠረጠራል። ለዓመታት በማስታወቂያ የሰማነው «አተት» የሚለው ስም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ስሙ ለስለስ ያለ ነው፤ በሽታው ግን ጎልማሳን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ታይፎይድ ላይ አልቆይም። ሁለት ቀን ትኩሳትና ሆድ ቁርጠት ሲይዘን በአንድ ጠብታ ደም «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብለን መድኃኒት ያልተሰጠን ጥቂቶች ነን። ዊዳል የሚባለው ይህ ምርመራ ከዚህ ቀደም በተያዝንባቸው ሌሎች ነገሮችም «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተነብቦ በሽታውን አያረጋግጥም። እውነተኛው ታይፎይድ ቀን በቀን የሚጨምር ትኩሳት ነው፤ ሳይታከም ሲቀር በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ይልቅ በዚህ ስም ሥር ተደብቆ የሚያልፈው ሌላ ነገር ያሳስበኛል። ሆዴን የሚል፣ የሚያስመልስ፣ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ውኃ ሲጠጣና ሲሸና የከረመ፣ የከሳ፣ አሁን ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን የሆነ ልጅ ታይፎይድ ሳይሆን ስኳር ሊሆን ይችላል። ጣቱን ወጋ አድርጎ ስኳሩን መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አሜባና ጃርዲያም እንዲሁ፤ አሉ፣ ይታከማሉ፤ ደጋግሞ ሜትሮኒዳዞል እየተወሰደ የማይለቅ ተቅማጥ ግን ስሙ ትክክል መሆኑን መጠራጠር ይገባል።

ኪንታሮት ደግሞ የዝምታ ስም ነው። ሰገራ ላይ ቀይ ደም ሲታይ ሰው ለሚስቱም ሳይናገር ስሙን ራሱ ያወጣና ወደ ባሕል ሐኪም በምስጢር ይሄዳል፤ የሚያቃጥል መድኃኒት ይደረግበታል። አብዛኛው ደም በእርግጥ የኪንታሮት ነው። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰርም ግን በዚያው ደም ሊጀምር ይችላል። የሰገራ ልማድ ለሳምንታት ከተለወጠ፣ ሄደው ሲመለሱ ያልጨረሱ ከመሰለ፣ ደሙ ከሰገራው ጋር ከተደባለቀ፣ ክብደት ወይም የደም መጠን ከቀነሰ በጣት መመርመር የግድ ነው። የሚያሳፍረው ያ ሁለት ደቂቃ ያላስመረመራቸው ሰዎች በኋላ ስንት ወር እንደሚተኙ ያየ ሰው አፍሮ አይቀርም።

የወፍ በሽታ የሚባለው የዓይን ቢጫነት በሌሊት ወፍ አይመጣም። የጉበት ቁጣ፣ የሐሞት መንገድ መዘጋት ወይም የደም ሴሎች መፍረስ ያመጡታል። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ፣ ሰገራ እንደ ነጭ አፈር ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ የሥር መድኃኒት የደከመውን ጉበት ይበልጥ ሊያደክም ይችላል። በጣና ዳርቻና ቢልሃርዚያ ባለባቸው ሌሎች ውኃዎች አጠገብ ያደጉ ሰዎች ላይ ደም ማስመለስ ከጉበት ደም ሥር መታፈን ሊመጣ ይችላልና ይህን የኖሩበትን ቦታ ለሐኪም መንገር ይጠቅማል። ወስፋትና ኮሶ ትል ቀላሎቹ ናቸው፤ ብዙ ወስፋት የልጅን አንጀት ሊዘጋ ከመቻሉ በስተቀር። የኮሶውን መድኃኒት ግን በዛ አድርጎ መጠጣት ዓይንን እስከ መጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ከጤና ጣቢያ የሚገኘው እንክብል ይመረጣል።

ሐኪሙ ፊት የሚገኘው ጊዜ አጭር ነው። ወረፋው ረጅም፣ ክፍሉ ጠባብ፣ ከበሩ ውጪ ሌላ ሰው እያንኳኳ ነው። «ጨጓራዬን» ብሎ የጀመረ ሰው የሚሰጠው የጨጓራ መድኃኒት ነው። የት እንዳመመ በአንድ ጣት ማሳየት፣ የጀመረበትን ቀን በበዓል ወይም በጾም ቆጥሮ መናገር፣ መብላት ያስታግሰው ወይ ያብሰው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳ ወይ አያስነሳ፣ ሰገራው ምን እንደሚመስል። የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባሕሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዞ መሄድ።

እትዬን በሚቀጥለው ቡና ጠየቅኋቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ጥምቀት፣ ሁዳዴ፣ ፋሲካ፣ የሰኔ ጾም። አራተኛው ላይ ቆም አሉና ልጃቸውን አዩ። ልጅቱ ዝቅ ባለ ድምፅ የእናቷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ እንዳጠበበችው ነገረችን። የዚያኑ ሳምንት ሰኞ፣ ሰማዩ ሳይገላለጥ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ታክሲው መያዣ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፋለች፣ በሌላ እጇ ደግሞ ባዶዎቹም ሙሉዎቹም የኦሜፕራዞል ካርቶኖች ያሉበት ጥቁር ፌስታል ይዛለች።